የምራት ስም የወጣላት ማሽን

የዚያን ዕለት ጠዋት የፎቶ ኮፒ ቤቴን በር ልከፍት ጎንበስ ብዬ ዘወር ስል፣ ከመንገዱ ማዶ ከአልታየች ደጅ ሰው ተኮልኩሏል። ክው አልኩ። በመካነ ሰላም ከተማ በዚያ ሰዓት፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ያን ያህል ሰው ከአንድ ደጅ የሚቆመው ሰው ሲሞት ነው። ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካሁት ትቼ ተሻገርኩ።

«ማን ነው?» አልኩት መጀመሪያ ያገኘሁትን ጎረምሳ። «ማን አረፈ?»

«ኧረ ጋሼ አያሟርቱ! ብርቄን ልናይ ነው እንጂ።»

«ብርቄ ደግሞ ማናት?»

«ምራቷ ናታ!»

«የማን ምራት?»

«የእቴቴ!»

እቴቴ የአልታየች አማት ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የከተማው ሰው ግማሹ አያውቀውም፤ ትልቁም ትንሹም እቴቴ ነው የሚላቸው። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ቢተው፣ መንገድ ሥራው ካምፕ ውሎ አድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው። ቢተው ደግሞ ያለችው አንዲት ሚስት ናት፤ እሷም አልታየች፣ ከሳውዲ ከተመለሰች ገና ሦስተኛ ወሯ። እና ይሄ ሰው ሚስቱ ለፍታ በከፈተችው ቤት ውስጥ ሌላ ሴት አገባባት?

«አጃኢብ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ደሜ ፈላ። ሰዉን በትከሻዬ እየገፋሁ ገባሁ።

ምራቷ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከአንዲት ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ከአንድ የቢሮ መዝገብ የማትበልጥ የጌም ማሽን ናት። አጠገቧ የመጣችበት ካርቶን ቆሟል፤ አናቱ ላይ አንድ ጣት ቅቤ ተቀብቷል።

ብዙ ነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ወሬም እወዳለሁ፤ አልክድም። እንደዚያ ቀን ግን አፌ ተከፍቶ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፊሉን ከራሷ ከአልታየች፣ ከፊሉን ከእቴቴ፣ የቀረውን ከደጄ ሆኜ አይቼዋለሁ።

አልታየች የተወለደችው ከከተማው በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ ነው። አሥራ ስምንት ሲሞላት ለቢተው ተዳረች። በእኛ አገር ምራት በእናቷ ቤት ስም አትጠራም። በገባች ማግስት አማት ሙሽራዋ የተከናነበችውን ገልጣ፣ ቅቤ ቀብታ፣ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አሮጌውን ስም የሚያነሣ የለም። እቴቴም «ሸጋዬ» አሏት።

«ጋሼ ይሙቱ» አለችኝ አንድ ቀን ስታጫውተኝ፣ «ስሙን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ውሃ ልቀዳ ወርጄ ፊቴን ውሃው ላይ ብመለከት የሌላ ሰው መሰለኝ። ያማርኩ መሰለኝ። ሸጋዬ ሲሉኝ ሸጋ ሆንኩ።»

ሁለተኛውን ስም ያወጣላት ደላላው አባተ ነው። ልጇ ራሄል ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ የቢተው መሬት ለሦስት ሰው አልበቃ ሲል፣ ወደ ሪያድ ልትሄድ ተነሣች። ያኔ አባተ «በዚህ ስምማ ማን ይቀጥርሻል? ተይው ለኔ» ብሎ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ፣ ፓስፖርቱን በእጇ የሰጣት አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ነው። ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ሳለች አንዲት ሴት «ሱሀይላ! ሱሀይላ!» እያለች ትጣራለች። አልታየች ለዚያች ለምትጠራዋ ልጅ አዘነችላት፤ አውሮፕላኑ ሊያመልጣት ነው ብላ። በሦስተኛው ጥሪ ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ፓስፖርቱን ገልጣ አየችና «አንቺ፣ አንቺው ነሽ እኮ!» አለቻት። እዚያው ወንበሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ሪያድ አራት ዓመት ኖረች። የአሠሪዎቿ ልጆች ኖቫ የሚባል የጌም ማሽን ነበራቸው፤ ያው ኖቫ በኛም ከተማ አራጋው መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፍቶ የሚያጫውትበት ነው። በኋላ ፋብሪካው ሌላ ማሽን አወጣ። ከሥር እስከ ላይ አዲስ ነው፤ ሥዕሉ እንደ እውነተኛ ሰው የሚታይ። ስም ማውጣቱ ላይ ሲደርሱ ግን የአሮጌውን ስም ወስደው ጭራ ቀጠሉበት፤ «ኖቫ ፕላስ» አሉት። ልጆቹ አልቅሰው አባታቸውን አስገዙት። አባትየው ካርቶኑን ከፍቶ፣ ለአሮጌው ማሽን የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ መስሎት፣ ሲያገላብጥ የሚሰካበትን ቀዳዳ ሲፈልግ አመሸ። በመጨረሻ «ያለንን ነገር ነው ሁለተኛ ያስገዛችሁኝ!» ብሎ ልጆቹ ላይ ጮኸ። አልታየች ከጓዳ ሆና አፏን ይዛ ሳቀች። ያ ሰውዬ የሠራውን ስሕተት አገሯ ሙሉ እንደሚሠራው በምን ታውቃለች?

በ2006 ኅዳር፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳውዲ ስታስወጣ፣ እሷም ወጣች። ሌላው ልብስና ወርቅ ይዞ ሲመለስ እሷ በደመወዟ የገዛችውን ኖቫ ፕላስ ጭኗ ላይ ታቅፋ መጣች። ያሰበችው ቀላል ነው። ስትሄድ የአራጋው ጌም ቤት ወረፋ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር። በአሮጌው ይህን ያህል ሰው ከተሰለፈ በአዲሱማ!

ጥር ላይ ከፊት ለፊቴ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከፈተች። ማስታወቂያውን ያተምኩላት እኔ ነኝ፤ በትልቁ «ኖቫ ፕላስ ገባ» የሚል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁዜይፋ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ሁዜይፋ መሰናዶ ጨርሶ በአባቱ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚቆም፣ ረጅም፣ ምላሰኛ ልጅ ነው። በጌም የሚያሸንፈው በከተማው የለም፤ እሱ ጥሩ ያለውን ሁሉም ጥሩ ይላል። ከበሩ አላለፈም። ማስታወቂያውን አነበበ፤ ካርቶኑን አየ፤ ሳቀ።

«እህቴ፣ ፕላሱ ምኑ ነው?»

«እንዴት ምኑ? አዲስ ነዋ። ሌላ ማሽን ነው» አለች አልታየች። «ግባ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ በነፃ ነው።»

«ሌላ ማሽን ከሆነ ለምን ሌላ ስም አላወጡለትም?»

 ሁዜይፋ ከኪሱ አንዲት ሞባይል አወጣ፤ ጀርባዋ ተቃጥሎ ቀልጧል።

«ይቺን ደሴ ነው የገዛኋት። ስሟ የታወቀ ስም ነው፤ መጨረሻዋ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትርፍ አላት። በሁለተኛው ቀን ኪሴ ውስጥ ጨሰች። ጭኔን ላሳይሽ?»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። «አሳያት! አሳያት!»

«ለምስክር ነው ይዣት የምዞረው» አለ። «ከዚያ ወዲህ ወላሂ፣ ስሙ ላይ ጭራ ያለው ዕቃ አልነካም። ፎርጅድ ነው። ኦርጅናሉ አራጋው ቤት አለ።»

ልጁ ላይ መፍረድ አልችልም። የዚያን ዘመን ገበያችን እንደዚያ ነበር። ባትሪው፣ ራዲዮው፣ ጫማው፣ ሸሚዙ ሁሉ ከታወቀ ስም ላይ አንዲት ነገር እየተቀጠለችበት ይመጣል፤ ገዝቶ ያልተቃጠለ የለም። እኔ ራሴ በሳምንቱ የለቀቀ የፎቶ ኮፒ ቀለም ገዝቼ አውቃለሁ። ሰው ጭራ ሲያይ መሸሽ ለመደ። እውነተኛው አዲስ ዕቃ ያን ጭራ አንጠልጥሎ ሲመጣ ማን ይለየው? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ገብቶ አልተጫወተም። አልታየች በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። ቀና ብዬ ባየኋት ቁጥር ዓይኗ መንገዱ ላይ ፈጦ ነው።

በዚያው ሰሞን አባተ መጣ።

«ሱሀይላ፣ እንዴት ነሽ?» እሱ ከዚያ ስም ሌላ አይጠራትም። «መንግሥት ሕጋዊውን ጉዞ ዘግቷል። አሁን በጅቡቲ ነው፤ ከዚያ ጀልባ። መጋቢት ሃያ መኪና ይነሣል። ልመዝግብሽ?»

ከተወለደችበት ቀበሌ አስቻለች የምትባል ልጅ በዚያ ጀልባ ሄዳ ነበር፤ ዓመት አልፏታል፣ ድምጿን የሰማ የለም። አልታየች ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ባዶዋን ክፍል ዞር ብላ አየችና «መዝግበኝ» አለችው፤ «ቁርጡን ግን በዕለቱ ነው የምነግርህ።»

ማታውን አንዲት ትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታ ከቤቷ በር ኋላ አስቀመጠች። ያኔ ራሄል፣ ስድስት ዓመት የሆናት ልጇ፣ ሻንጣውን አየች። ልጅቷ ያደገችው አያቷ ጋር ነው፤ በቤቱ እንደሚጠሩት እናቷን «ሸጋዬ» ነው የምትላት።

«ሸጋዬ፣ መቼ ነው የምትሄጅው?» አለቻት። አላለቀሰችም። እንግዳን እንደሚጠይቁት ነው የጠየቀቻት።

«ጋሼ፣» አለችኝ አልታየች ይህን ስትነግረኝ፣ «በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።»

የካቲት ሲገባ አንድ ሰኞ እቴቴ ለምራታቸው ራስ የሚሆን ቅቤ ይዘው ወደ ሱቁ መጡ። በሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሲያገኟት ደነገጡ።

«ሰው የለም?»

«የለም እቴቴ።»

ገቡና ማሽኗን አዩአት። «ይቺ ናት ከዓረብ አገር ያመጣሻት? ስሟ ማነው?»

«ኖቫ ፕላስ።»

«እሱማ የመጣችበት ቤት ስም ነው። እዚህ ከገባች ወዲህ ማን ተባለች?»

«እቴቴ፣ ማሽን እኮ ናት!»

«አንቺስ ስትመጪ ምን ነበርሽ? ተሸፋፍነሽ የመጣሽ፣ የማን እንደሆንሽ ሰፈሩ የማያውቅሽ። ስም ባላወጣልሽ ማን ደጄን ይረግጥ ነበር? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስም ሳይወጣላት አስቀምጠሽ ሰው አልመጣ አለኝ ትያለሽ!»

ይህን ብለው ቅቤውን በጣታቸው ቆርሰው ወደ ማሽኗ ዘረጉ። አልታየች ዘልላ እጃቸውን ያዘች።

«እቴቴ! ኤሌክትሪክ ነው! ይገድልዎታል!»

«እንግዲያው ሳጥኗን እቀባለሁ» አሉ፤ የካርቶኑንም አናት ቀቡት። ከቤታቸው ዳንቴል አስመጥተው አለበሷት። «ብርቄ ብዬሻለሁ» አሏት። «ብርቄ ሁኚ። ደጅሽ ሰው አይጣ።»

ከዚያ በመንገዱ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ «ምራት ገብታልኛለች፤ ብርቄ ብያታለሁ፤ ነገ ኑና እዩልኝ» እያሉ ሄዱ። እኔን ብቻ ሳይነግሩኝ አለፉ፤ ያን ቀን ቤቴን ዘግቼ ከከተማ ወጣ ብዬ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ለዚህ ነው በማግስቱ ሰው የሞተ የመሰለኝ።

እቴቴ ጠርተውት የማይመጣ የለም። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ በሳቅ ወደቀ። ምራት ለማየት የገባ ሰው ግን ሳይመርቅ አይወጣም፤ ምራትም ፊቷ አይነቀፍም። ሁዜይፋም መጣ። እቴቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ከውጭ ሆኖ የሚያሾፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። «እስቲ ሙሽራዋን ልያት» ብሎ ገባ፤ ጆይስቲኩን ያዘ። ኳስ ጨዋታውን ከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጨዋታ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«ያ ረቢ! ይቺን ነገር አራጋው ቤት ካለችው ጋር ምን አገናኛት!»

አጠገቡ ነበርኩ። «አንተ፣» አልኩት፣ «ባለፈው ፎርጅድ ናት አላልክም?»

«ያ ኖቫ ፕላስ ነው ጋሼ። ይቺ ብርቄ ናት።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

«ሁዜይፋ፣ ካርቶኑን እየው። አንድ ናት እኮ!»

«ይሁና። ብርቄ ግን ሌላ ናት።»

ራሴን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ከመናኸሪያው አካባቢ ሾፌሮች፣ ከወረዳው ቢሮ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ ከአቅስታ ድረስ በሚኒባስ የመጡ ጎረምሶች! «ብርቄ ጋ ነኝ»፣ «ከብርቄ መጣሁ»፣ «ብርቄ ዛሬ ጨከነችብኝ» የከተማው ቋንቋ ሆነ። ኖቫ ፕላስ የሚለውን ማስታወቂያዬን ነፋስ ሲወስደው ያነሣው የለም።

የአራጋው ቤት ባዶ ሆነ። አራጋው ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ተንኮል ሲሞክር አያምርበትም። አንድ ቀን መጣና «ብርቄ ፕላስ ብለህ በትልቁ ጻፍልኝ» አለኝ።

«አራጋው፣ ተው።»

«ጻፍ እልሃለሁ!»

ጻፍኩለት። በሁለተኛው ቀን ራሱ ቀድዶ ይዞት መጣ። ልጆቹ ከደጁ ቆመው «ጭራ አበቀልሽ?» እያሉ ሲስቁበት ዋሉ።

እንዲህ እያለ መጋቢት ሰባት መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ ብርቄ አንድ ጊዜ ጮኸችና የተቃጠለ ሸተተች። አልታየች ጠቅልላ ደሴ ለሚሠራ ሰው በአውቶቡስ ሾፌር ላከቻት። አራጋው ወሬውን ሰምቶ የራሱን አሮጌ ኖቫ ታቅፎ መጣ። «አብሽሪ፣» አላት፣ «እኔ ቤት ሥራ ፈታ ከምትቀመጥ ብርቄ እስክትመለስልሽ አንቺ ጋ ትዋል።»

ለማታለል አልነበረም፤ በዚህ እመሰክራለሁ። ጠረጴዛው ራቁቱን ሲሆንባት ዳንቴሉን አለበሰቻት። ልጆቹ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር። ግን ከመናገሯ በፊት ገብተው ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ ይዘው፣ መጮህ ጀምረዋል።

«ኧረ ብርቄ ዛሬ ነፍስ ዘራች!»

«መብራቱ ነው ያነቃት!»

«ሣሩን እዩት ወላሂ!» አለ ሁዜይፋ። «አንድ በአንድ ይቆጠራል እኮ! ኖቫ ላይ እንዲህ ያለ ሣር አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

በዚያች ደቂቃ ወደ ውስጥ ብቅ ብዬ ነበር። ቴሌቪዥኑን አየሁ። ሣር የሚባል የለም፤ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ የተነጠፈ ነው የሚመስለው። አልታየችን አየኋት፤ እሷም እኔን። ፊቷ አመድ መስሏል።

ማታ ሱቋን ስትዘጋ ተሻግራ መጣች። 

«ጋሼ፣ እያዩ አያዩም» አለችኝ። «የራሱን የአራጋውን ማሽን ነው እኮ! ዓመታት የተጫወቱበትን! ስሙን ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ዝም በይ» አልኳት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ግን ያልኩት ይህንን ነው። «ብርቄ ሰሞኑን ትመጣለች፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ከነገርሽ ይሸሻሉ። መጋቢት ሃያ ደግሞ ደርሷል።»

የሱቋን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ሪያድ አራት ዓመት ሱሀይላ፣ ሱሀይላ ሲሉ ኖሩ» አለች። «አባተ የፈጠራትን ሴት ነበር የሚያዩት። እኔ እዚያ ቤት መኖሬን ያወቀ አልነበረም። እነዚህን ልጆች እንደዚያ ካደረግኳቸው እኔ ከአባተ በምን ተሻልኩ?»

በሦስተኛው ቀን፣ ክፍሏ ጢም ብሎ በሞላበት፣ ሁዜይፋ ግብ ሊያገባ ሲል ሄዳ ዳንቴሉን ገፈፈችው።

«ይቺ ብርቄ አይደለችም። ብርቄ ደሴ ናት፤ ታማለች።»

 ከዚያ አንዱ ከኋላ «ናት እንጂ!» አለ። «እናውቃታለን! ብርቄ ናት!» ሌላውም ጮኸ። ማሽኗ ዓይናቸው ሥር ተቀምጣ፣ ባለቤቷ እየነገረቻቸው፣ አላመኗትም! በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ያን ቀን ብቅ ብሎ የነበረው አራጋው ከጥግ ተነሥቶ ማሽኗን ገለበጣት። ከሥሯ፣ እሱ ከዓመታት በፊት በምስማር የጫረው የራሱ ስም አለ። «አራጋው» ይላል።

ጆይስቲኩ ከሁዜይፋ እጅ ወደቀ። ፊቱ ጠቆረ።  ተነሥቶ ወጣ። አንድ በአንድ ተከትለውት ወጡ።

ብርቄ በማግስቱ ከነጤንነቷ ተመለሰች፤ ግን የሚጫወትባት አልነበረም። ሰዉ የተቆጣ ይመስላል፤ እኔ ሳየው ግን ያፈረ ነው። መጋቢት አሥራ ሁለት አለፈ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ወንበሯ በሯ ላይ ወጣ። አባተ በስልክ ደወለ። ሻንጣው ከበሩ ኋላ እንዳለ ነው። በየሰዓቱ ልሄድ እነሣና ምን እንደምላት ሳላውቅ መልሼ እቀመጣለሁ።

መጋቢት አሥራ ስምንት ጠዋት ሁዜይፋ ብቻውን መጣ።

«ተመልሳለች?»

«ተመልሳለች።»

«ትክክለኛዋ ናት?»

«አንተው እያት» አለችው።

ገባ። ትንሽ ቆይቶ አራጋውን አስጠርቶ አሮጌውን ኖቫ አስመጣ። ዳንቴሉን አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረ። አንዱን ነቅሎ ሌላውን እየሰካ፣ ያንኑ አንድ ጨዋታ በሁለቱም ደጋግሞ ተጫወተ። አይጮህም። ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ስንዝር ያህል አስጠግቶ ያያል። አንድ ሰዓት አለፈው።

«ሣሩ ብርቄ ላይ ነው ያለው» አለ በመጨረሻ። «ተጫዋቹ ሲሮጥ ማሊያው ጀርባው ላይ ይረጥባል፤ ዛሬ ገና ነው ያየሁት። ያኛዋ ላይ ምንም የለም። ምንም!» ዞሮ አያት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እህቴ፣ ወላሂ ብዬ ማልኩ እኮ! ያላየሁትን አየሁ ብዬ በአላህ ስም ማልኩ! በመጀመሪያውም ቀን ሳላይ ፎርጅድ ናት ብዬ ማልኩ!»

«ፈጣሪ ይቅር ይላል» አለችው። «ተነሥ፤ አሁን አይተሃል።»

ሁዜይፋ ከዚያ ወጥቶ ምን እንዳለ ያልሰማ የለም፤ መናኸሪያው መሃል ቆሞ ነው የተናገረው። «የአራጋው ኖቫም፣ ብርቄም አልታየች ቤት ጎን ለጎን አሉ። ስሙን ተዉትና ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። እኔን ደግሞ አትመኑኝ!» የኛ ከተማ ሰው አትመኑኝ የሚል ሰው አይቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ሞላ። በማግስቱ ሰዉ ከደጁ ተርፎ እኔ በር ላይ ቆመ። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ሣር ይፈልጋል።

መጋቢት ሃያ ጠዋት አባተ መኪናውን መናኸሪያው ላይ አቁሞ፣ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። በሩ ላይ እቴቴ ተቀምጠዋል።

«ደህና አደሩ እቴቴ። ሱሀይላ ተዘጋጀች?»

«ማን?»

«ሱሀይላ።»

«እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ ቤት የለችም።»

«እቴቴ ደግሞ! ምራትዎ እኮ ናት።»

«ምራቶቼማ ሁለት ናቸው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይነሣ። «አንዷ ሸጋዬ፣ አንዷ ብርቄ። የትኛዋን ነው ጀልባ ላይ የምትጭናት?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አባተ ፈዞ ቀረ። ያን ጊዜ አልታየች ከውስጥ መጣች። አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ «መዝገቡን አምጣው» አለችው። ደንግጦ ሰጣት። ገጹን ገልጣ ሱሀይላ የሚለውን ፈለገችና በራሱ እስክሪብቶ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ አጥብቃ፣ ሰረዘችው።

«አሁን ሂድ» አለችው። «መኪናህ ይጠብቅሃል።»

ራሄል ከአያቷ ጉልበት ሥር ሆና ሁሉንም ታያለች። እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ አፏ ተከፍቷል።

«ሸጋዬ፣ አትሄጅም እንዴ?»

«አልሄድም።»

«ነገም?»

«ነገም።»

ልጅቷ አመነቻትም አላመነቻትም ለመለየት አልቻልኩም። ተነሥታ ወደ ቤታቸው ሮጠች። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ያቺን ሻንጣ በሁለት እጇ እየጎተተች፣ አቧራው እየጨሰ፣ በሰዉ መሃል ይዛት መጣች። ከብርቄ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠቻት፤ ዚፑን ከፈተችና የእናቷን ልብሶች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ጨዋታው ቆመ።